ጃፓናዊው እንዴት በርማዊ ሆነ? በ1915ቱ «ዘ ቺት» ላይ የተነሣ ክርክር

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። አሁን ስለረዘመ፣ አዲስ የሚገባ ሰው ከሥር ከመሠረቱ ማንበብ እንዳይሰለቸው መነሻውን እንዳለ፣ መልሶቹን ደግሞ በራሴ አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መነሻው ጽሑፍ

«ዘ ቺት»ን ያያችሁ ስንት ናችሁ? ሴሲል ቢ. ዴሚል የሠራው፣ በታኅሣሥ 1915 የወጣ፣ አንድ ሰዓት የማይሞላ ድምፅ አልባ ድራማ ነው። ኤዲት ሃርዲ የምትባል የሎንግ አይላንድ ወይዘሮ የባሏን ገንዘብ በልብስ ትጨርሳለች። ለቤልጂየም ስደተኞች የተዋጣ 10,000 ዶላር የቀይ መስቀል ገንዘብ በአደራ ተሰጥቷት ሳለ አክሲዮን ላይ አውላው ሙልጭ ታወጣዋለች። ሂሹሩ ቶሪ የተባለ ባለጸጋ ጃፓናዊ የዝሆን ጥርስ ነጋዴ ጉዷን ይሰማና፣ ገላዋን ዋጋ አድርጎ ገንዘቡን ይሰጣታል። ወዲያው የባሏ አክሲዮን ያተርፋል። ገንዘብህን እንካ፣ ልቀቀኝ ብላ ስትሄድ ቶሪ አሻፈረኝ ይላል፤ ንብረቱን ሁሉ በሚያትምበት የጋለ ብረት ትከሻዋ ላይ ያትምባታል። እሷም በሽጉጥ ታቆስለዋለች። ባሏ ወንጀሉን በራሱ ላይ ይወስዳል። ጥፋተኛ ነህ በተባለባት ቅጽበት ኤዲት ተነሥታ ጠባሳዋን ለችሎቱ ታሳያለች፤ አዳራሹም ቶሪን ሊበላው ይነሣል።

ቶሪን የሠራው እውነተኛ ጃፓናዊ፣ ሴሹ ሃያካዋ ነው። ነጮች ፊታቸውን እየተቀቡ የጥቁሩንም የቻይናውንም ቦታ በሚይዙበት ዘመን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ፊልሙ በ1918 እንደገና ሲወጣ ሰውየው ሃካ አራካው የተባለ የበርማ የዝሆን ጥርስ ንጉሥ ሆኖ አረፈው። ጃፓን በጦርነቱ ከአሜሪካ ጋር ተሰልፋ ስለነበር መሰደቧ አልተፈለገም። አንድም ትዕይንት እንደገና አልተቀረጸም፤ የተቀየረው በምስሎቹ መካከል የሚገባው ጽሑፍ ብቻ ነው። ኪሞኖው ያው ኪሞኖ፣ የወረቀት ተንሸራታች ግድግዳውም ያው ነው። ዛሬ የምናየው ቅጂ ይኸው የ1918ቱ ነው።

ጥያቄዬ፦ ፊልሙ ጃፓናዊ ስላሠራ ይመስገን? እኔ አይመስገን ባይ ነኝ። የሰውየውን አገር በብዕር ቀይሮ ታሪኩ ቅንጣት ካልተዛነፈ፣ መጀመሪያውኑ የሚናገረው ስለ ጃፓናዊ አልነበረም።

መልሶቹ

መልስ 1፦ ጨዋ አጀማመር ነበር። ከአዲስ አበባ የሚጽፍ የቲያትር ተማሪ አመሰገነኝና ግማሽ በግማሽ ተስማማ። እሱን የማረከው የሃያካዋ እርጋታ ነው። ሌሎቹ ተዋንያን የመድረክ ልማድ ሳይለቃቸው እጃቸውን እያወናጨፉ ሲያለቅሱ፣ ሃያካዋ ቆሞ በዓይኑ ብቻ ይሠራል። በ1916 ፓሪስ ውስጥ ፊልሙ ሲታይ የፈረንሳይ ጸሐፊዎች ያበዱት በዚሁ ነው፤ ኮሌት ሳትቀር አድንቃ ጽፋለች። እንግዲህ ምስጋናው ለተዋናዩ ይሁን፣ ለዴሚል ግን አይድረሰው ሲል ደመደመ። መጨረሻ ላይ ይህ የሃያካዋ የመጀመሪያ ፊልሙ እንደሆነ ጨምሮ ነበር።

መልስ 2፦ እዚያች የመጨረሻ መስመር ላይ እርማት ተሰጠ። ሃያካዋ ከዚህ በፊት በ1914 ከፕሮዲዩሰሩ ቶማስ ኢንስ ጋር «ዘ ታይፉን»ን ሠርቷል፤ የወደፊት ሚስቱ ጽሩ አኦኪም በዚያው ዓመት አብራው ተውናለች። አራሚው ፊልም ሲያውቅ የኖረ ሰው ነው፣ እንደ እርማቱም ትሕትና ያለው ነበር። በተጨማሪ አንድ ጥሩ ነገር አነሣ፦ የቶሪን አሽከር የሠራው ዩታካ አቤም እውነተኛ ጃፓናዊ ሲሆን፣ በኋላ አገሩ ገብቶ ስም ያለው ዳይሬክተር ሆኗል። ከበስተጀርባ ሳህን ይዞ የሚያልፈውን ሰው ስሙን የሚፈልግ ተመልካች ብርቅ ነው።

መልስ 3፦ እዚህ ላይ ነፋሱ ተቀየረ። የመቶ ዓመት ፊልም በዛሬ ሚዛን መመዘን ነውር እንደሆነ፣ በዚያ ዘመን ማንም ስለ ውክልና የሚባል ነገር እንዳልሰማ፣ ዴሚል ከጊዜው ቀድሞ እስያዊ ዋና ተዋናይ ማድረጉ ብቻውን ሊመሰገን እንደሚገባው በረጅሙ አስተማረን። ላይኩ ጎረፈለት። እንዲህ ያለ መልስ ሁልጊዜ ላይክ ይጎርፍለታል።

መልስ 4፦ የክሩ ምርጥ መልስ ለእኔ ይህ ነው። ሎስ አንጀለስ የምትኖር እህታችን ማስረጃዋን ደርድራ መጣች። በዚያ ዘመን ማንም አልሰማም የተባለውን በአንድ ምት ጣለችው፦ ፊልሙ እንደወጣ እዚያው ሎስ አንጀለስ የሚታተመው የጃፓናውያን ጋዜጣ ራፉ ሺምፖ ተቃውሞ ከፍቶበታል፤ ሃያካዋ ራሱ ጋዜጣው ላይ ይቅርታ ጠይቋል። በዚያው በ1915 የጥቁሮች መብት ማኅበር ኤንኤኤሲፒ ጥቁሮችን የሚያዋርደውን የዳይሬክተር ግሪፊዝን «ዘ በርዝ ኦፍ ኤ ኔሽን» በየከተማው ሲቃወም ነበር። ስለዚህ ፊልሞቹን የሚወቅሳቸው የዛሬ ሰው ብቻ ነው ማለት፣ ያኔ የተሰደቡትንና የጮኹትን ከዘመኑ ሰዎች ቁጥር ማውጣት ነው።

ቀጥላም ፊልሙ የቆመበትን መሬት አሳየችን። ካሊፎርኒያ በ1913 ባወጣችው ሕግ ዜግነት ማግኘት የማይችሉ መጤዎች፣ በተግባር ጃፓናውያኑ ማለት ነው፣ የእርሻ መሬት እንዳይገዙ ከልክላ ነበር። ነጭና እስያዊ እዚያ ግዛት ውስጥ እንዳይጋቡ የሚከለክለውም ሕግ እስከ 1948 ድረስ ሠርቷል። መሬታችንን ሊወስዱ ነው፣ ሴቶቻችንን ሊወስዱ ነው የሚለው ወሬ ጎዳናውን ሞልቶት ሳለ፣ አንድ ጃፓናዊ ባለገንዘብ ነጭ ሴት ላይ የንብረት ማኅተሙን ሲያትም ማሳየት ምን ማለት እንደሆነ አስቡት አለችን። እኔ በመነሻው ጽሑፌ ይህን ያህል ርቄ አልሄድኩም ነበር፤ ክር የሚከፈተውም እንዲህ ያለ መልስ እንዲመጣ ነው።

መልስ 5፦ የ3ኛው መልስ ባለቤት ተመለሰ፣ ይሄኔ ግን ቃናው ሹል ሆኗል። አንድ የማኅበረሰብ ጋዜጣ አሜሪካን አይወክልም ባይ ነው። ወደ 17 ሺህ ዶላር የወጣበት ፊልም ከ137 ሺህ በላይ አስገብቷል፤ ሕዝቡ በኪሱ መስክሯል ሲል ተከራከረ።

መልስ 6፦ አንድ መስመር ብቻ። ስድብም ቢሸጥ ስድብ መሆኑ አይቀርም።

መልስ 7፦ ክርክሩ ሊካረር ሲል የቴሌቪዥን ድራማ ላይ መብራት የሚሠራ ሰው ገባና ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ስለ ታሪኩ ትቶ ስለ ብርሃኑ ነው የጻፈው። ፊልሙ የሚከፈተው ቶሪ በጨለማ ክፍል ተቀምጦ፣ ከፍም ማንደጃው የሚወጣው ብርሃን ከሥር ፊቱን ብቻ እያበራለት፣ አንድ ዕቃ ላይ ማኅተሙን ሲያሳርፍ ነው። በዚያ ጊዜ ልማዱ ሁሉንም ነገር እኩል ማብራት ነበር፤ ገንዘብ ያወጣ ሰው የከፈለበትን ተዋናይ ሙሉ ፊት ማየት ይፈልጋል። ዴሚልና ካሜራ ማኑ አልቪን ዋይኮፍ ግን ግማሽ ፊት ለጨለማ ይተዋሉ። ዴሚል በኋላ ሲያወራው፣ በአንድ ቀደም ያለ ፊልሙ አከፋፋዮቹ ግማሽ ፊት ላሳየ ፊልም ግማሽ ዋጋ ነው የምንከፍለው ብለው ሲያጉረመርሙ፣ ይህ እኮ የሠዓሊው የሬምብራንት ብርሃን ነው ብሎ አፋቸውን አስይዟቸዋል።

መብራት ሠሪው ያሳየን ግን ሌላ ነገር ነው። ኤዲትና ባሏ በቤታቸው ሲታዩ ብርሃኑ ሞልቶ ይፈስሳል። ቶሪም ነጮቹ መካከል በአውሮፓ ልብስ ሲዘዋወር እንደማንኛውም ሰው ይበራለታል። ቤቱ ገብቶ ኪሞኖ ሲለብስ ጨለማው ይከተለዋል። ለአንድ ሰው ሁለት መብራት! ቶሪ ተመትቶ በወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ሲንሸራተት፣ ባልየው ከወዲያ በኩል የሚያየው ጥላውንና ወረቀቱ ላይ የሚሰራጨውን ደም ነው። እንደ ባለሙያ እጁን አፉ ላይ ጭኖ እንዳየው፣ እንደ ተመልካች ግን ተንኮሉ እንደገባው ጻፈ። ጽሑፉ ገጸ ባሕሪውን በርማዊ ቢለውም መብራቱ ምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ነግሮናል ማለቱ ነው።

ከዚያ ከራሱ ሥራ አንድ ነገር ጨመረ። ስሙን ባልጠቀሰው ድራማ ላይ የሀብታም ሚስት የምትሠራዋን ጠይም ተዋናይ ፊቷ ላይ መብራት ጨምር፣ የቤት ሠራተኛዋን ግን እንዳለች ተዋት ይሉት ነበር። ሁለቱ ልጆች በመልክ ይህን ያህል አይለያዩም።

መልስ 8፦ ይህቺኛዋ 7ኛውን አመሰገነችና፣ ያ ድራማ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ግምት ሰነዘረች። አልመለሰላትም። ጥሩ አደረገ።

መልስ 9፦ በአሜሪካ ፊልሞች ላይ አጃቢ ሆኖ የሚሠራ ወንድማችን የበርማውን ነገር ከራሱ ኑሮ ጋር አገናኘው። አንድ ቀን ናይጄሪያዊ፣ ሌላ ቀን ሱዳናዊ፣ ከዚያ የሶማሊያ የባሕር ወንበዴ ሆኗል። ወንበዴውን በሠራበት ቀን አለባበሱ ከየት እንደመጣ ቢጠይቅ፣ አልባሹ ትከሻውን ነቅንቆ አለፈው። አንዴም ኢትዮጵያዊ ሁን ተብሎ አያውቅም፤ ቢባልስ ምን ያለብሱኝ ይሆን ብሎ አሳቀን። ክፍያው ግን በሰዓቱ እንደሚገባ አልደበቀም። በእኔ ግምት ከ4ኛው ቀጥሎ ለመነሻው ጥያቄ የቀረበው መልስ የእሱ ነው፦ ሰውየው እውነተኛ አፍሪካዊ ነው፣ የሚሠራው አፍሪካዊ ግን የትም የለም።

መልስ 10፦ ብዙዎቻችን ጋሼ የምንላቸው የውይይት መድረኩ ሽማግሌ ነገሩን ወደማላስበው አቅጣጫ ወሰዱት። ሆሊውድ ጃፓናዊውን ጭራቅ ሲያደርግ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የነበሩ ምሁራን ጃፓንን አርአያ አድርገው ይመለከቱ እንደነበር አስታወሱን። የ1931ዱ ሕገ መንግሥት የጃፓንን የሜይጂ ዘመን ሕገ መንግሥት ተመልክቶ የተጻፈ ነው፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በዚያው ዓመት ቶኪዮ ሄደው አገሪቱን ጎብኝተዋል። ከዚያም የልጅ አርአያ አበበን ነገር አመጡ። ልጁ ማሳኮ ኩሮዳ የተባለች የጃፓን መስፍን ልጅ ሊያገባ ታጭቶ፣ ወሬው በ1934 የዓለም ጋዜጦችን አዳርሶ፣ በመጨረሻ ኢጣሊያ ስታጉረመርም ጋብቻው ፈረሰ። ነጩ ዓለም ከጃፓናዊ ጋር መጋባትን እንደ ጥፋት ቆጥሮ በሚያይበት ዘመን፣ ሁለት ነጭ ያልሆኑ ሕዝቦች ሊጋቡ ሲሉም ሦስተኛ ወገን መናደዱ ጋሼን እስከዛሬ ይገርማቸዋል።

መልስ 11፦ ርዕሱ ፊልም መሆኑን በትሕትና አስታወሰ። ጋሼን ደፍሮ መናገር ግን አልሆነለትም፤ ይቅርታው ከተግሣጹ ረዘመ።

መልስ 12፦ ትሕትና የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። የእኛ ፊልም በየቀኑ የሚሰደብ ስንት ችግር እያለበት የአሜሪካ የመቶ ዓመት ቆሻሻ ምን አገባን፣ ዳያስፖራው ሥራ ሲያጣ የሚያመጣው ጨዋታ ነው አለ። ከጻፉት ግማሹ አዲስ አበባ መሆናችንን ማየት አልፈለገም።

መልስ 13፦ ለ12ኛው ሳትመልስለት፣ ግን በእርግጥ ለእሱ የመለሰች ጸሐፊ መጣች። ለስድብ የሚሰጠው መልስ የራስን ፊልም መሥራት ነው ትላለች፤ ምሳሌዋ ኦስካር ሚሾ ነው። ጥቁሩ ዳይሬክተር በ1920 ያወጣው «ዊዚን አወር ጌትስ» ጥቁር ቤተሰብ በነጭ ደቦ ሲሰቀል ያለ ርኅራኄ ያሳያል። በ1919 የዘር ግጭት የተናወጠችው ቺካጎ ፊልሙን ለማሳየት ስትፈራ ስትቸር ቆይታ ነው የፈቀደችው። ፊልሙ ለአሥርት ዓመታት ጠፍቶ፣ «ላ ኔግራ» የሚል ስም የያዘ አንድ ቅጂ ስፔን ውስጥ ተገኘ። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በ1993 ሲያድሰው፣ በመካከል የሚገባው ጽሑፍ አብዛኛው ከስፓኒሽ መመለስ ነበረበት። የሚገርመው አጋጣሚ፣ «ዘ ቺት»ም በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ የገባው በዚያው በ1993 ነው።

የችሎቱንም ትዕይንት ከዚህ ጋር አያያዘችው። በነሐሴ 1915 ሊዮ ፍራንክ የተባለ አይሁዳዊ ጆርጂያ ውስጥ በደቦ ተሰቅሏል፤ በኅዳር የነጭ ዘረኞች ማኅበር ኩ ክለክስ ክላን እዚያው ስቶን ማውንቴን ላይ እንደገና ተመሥርቷል፤ በታኅሣሥ «ዘ ቺት» ወጣ። የችሎቱ ታዳሚ ወንበር እየዘለለ ቶሪ ላይ ሲረባረብ ካሜራው ከማን ጋር እንደቆመ ማየት አይከብድም። ሚሾ ያንኑ ደቦ ከሚሰቀለው ሰው ወገን ሆኖ አሳየን።

መልስ 14፦ ከሚሾ ወደ ኃይሌ ገሪማ ለመሻገር አንድ እርምጃ በቃ። ሚሾ ፊልሙን ይዞ በየከተማው እየዞረ ራሱ ያከራይ እንደነበር፣ ኃይሌም «ሳንኮፋ»ን አከፋፋይ ሲያጣበት አዳራሽ እየተከራየ ራሱ እንዳሳየው ከዋሽንግተን የሚጽፍ ሰው አነጻጸረ።

መልስ 15 እስከ 17፦ ስለ ኃይሌ ገሪማ ሁለት ሰዎች ተያያዙ። አንዱ ፊልሞቹ ለተራ ተመልካች ይከብዳሉ አለ፤ ሌላው ተራ ተመልካች ማን ነው ብሎ አፋጠጠው። 17ኛው የሰውን እናት ስላነሣ አስተዳዳሪው ሰርዞታል፤ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል።

መልስ 18፦ ሁላችንም የዘለልነውን ያነሣችው ይህቺ ናት። ስለ ቶሪ ስናወራ ኤዲትን ረሳናት። ፊልሙ የሚቀጣው ሁለት ሰው ነው፣ ባዕዱንና ገንዘብ የምታባክነዋን ሴት። ኒውዮርክ ለሴቶች የመምረጥ መብት ይሰጥ ወይ ብላ ሕዝቧን ጠይቃ እምቢ የተባለው በኅዳር 1915 ነው፤ ይህች ሎንግ አይላንድ ላይ የምትኖር ሴት ስለ ገንዘብ በራሷ የወሰነች ዕለት በጋለ ብረት ትታተማለች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ከባሏ ጋር ትወጣለች። ከቶሪ ንብረትነት ወደ ሃርዲ ንብረትነት ተመለሰች እንጂ ነፃ አልወጣችም። 4ኛውና 13ኛው ለዘሩ ጉዳይ ያሳዩትን ትኩረት ለዚህ አለማሳየታቸውን በለስላሳው ነካ አድርጋ አለፈች። 4ኛዋ ላይክ አደረገችላት።

መልስ 19፦ ኤዲትን የሠራችው ፋኒ ዋርድ ያኔ ከአርባ ዓመት በላይ እንደነበረች፣ የፊልሙ ባሏ ጃክ ዲንም የእውነት ባሏ እንደነበረ ነገረን። ለክርክሩ የሚጨምረው የለም፣ ደስ ግን ይላል።

መልስ 20፦ የ3ኛውና የ5ኛው ባለቤት ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። ይሄኔ ለዝቦ ነበር። ስለ ራፉ ሺምፖ ቀድሞ እንደማያውቅ አልካደም፤ አንድ ነገር ግን አለቅም አለ፦ ያ ክፉ ሚና ባይኖር ኖሮ ሃያካዋ የሚባል ኮከብ አይኖርም ነበር። ነጭ ሴቶች ለፊልሙ የተሰለፉት እሱን ለማየት ነው። ታዲያ ስድቡ በር ከፈተለት ብንል ስህተቱ ምኑ ላይ ነው ብሎ በቀጥታ እኔን ጠየቀኝ።

መልስ 21፦ ስለዚህ መለስኩለት። በሩ መከፈቱን አልክድም። የገባበት ክፍል ግን ያው አንድ ክፍል ነበር፦ ወይ የሚያስፈራ፣ ወይ ለነጯ ሴት ሲል የሚሞት። ሃያካዋ ይህን ስላወቀ ነው በ1918 ሃዎርዝ የሚባል የራሱን ኩባንያ ያቋቋመው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ20 በላይ ፊልም አወጣበት። ዴሚልን የምናመሰግንበትን ያህል ቃል እዚያ ላይ ብናውለው ይሻላል። «ዘ ድራጎን ፔይንተር»ን ተመልከት፣ 1919፤ ሃያካዋና ጽሩ አኦኪ ባልና ሚስት ሆነው፣ ጃፓናዊ ጃፓናዊቷን ሲወድ፣ ማንም ማንንም ሳያትም። በዚያው ዓመት ግሪፊዝ በ«ብሮክን ብሎሰምስ» ቻይናዊውን ለሪቻርድ ባርተልመስ ሰጥቶ ዓይኑን አስጠብቦታል። የዴሚል በር ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ከአራት ዓመት በኋላ ለዚያ ሚና እስያዊ ባልጠፋ። ሃያካዋ ራሱ በ1937 ፈረንሳይ ውስጥ «ዘ ቺት» እንደገና ሲሠራ ያንኑ ማኅተም እንዲይዝ ተጠራ፤ በ22 ዓመት ውስጥ የተለወጠው ድምፅ መግባቱ ነው።

መልስ 22፦ 20ኛው ዓይኑን አስጠብቦታል ያልኩትን ይዞ፣ ባርተልመስ በዚያ ፊልም ግሩም ተዋናይ ነው ብሎ ሌላ ክር እንደሚከፍት ዛተ። ይክፈት።

መልስ 23 እና ከዚያ በኋላ፦ በሚቀጥለው ቅዳሜ በጋራ ምን እንይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። እኔና 4ኛዋ «ዘ ድራጎን ፔይንተር» አልን። 13ኛዋና ጋሼ «ዊዚን አወር ጌትስ» ካልሆነ አንገባም አሉ። 9ኛው ወንበዴ የሠራበትን ፊልም ሐሳብ አቀረበ፤ እሱ የሚታየው አራት ሰከንድ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። 12ኛውም፣ ምን አገባን ያለው ሰው፣ ሰዓቱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠይቋል። ድምፅ መስጫው እስከ ሐሙስ ማታ ክፍት ነው፤ እስካሁን ሚሾ በሁለት ድምፅ ይመራል።